ሦስተኛው ስንኝ

ኮኪት፣ ጥቅምት 19 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ፣

እናታለም፣ ጤናሽ እንዴት ነው? የጉልበትሽ ቁርጥማትስ ተወሽ? እኔ ወባዋ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለምትጎበኘኝ ደህና ነኝ ማለት ይቻላል። ዝንቡም፣ ሙቀቱም፣ ስብሰባውም ደህና ናቸው።

ይህን ይዛ መጥታ የምታነብልሽ አሰበች ናት፤ ለሰሊጥ አጫጆች የምታበስለው፣ እኔ ፊደል ያስቆጠርኳት። ስለ ራሷ የጻፍሁት ጋ ስትደርስ እንዳትዘል ተቆጣጠሪያት።

ወንድሜን በወሰዱት በዓመቱ፣ ማልቀስ ክልክል ስለሆነ ጓዳ ገብተሽ በሹክሹክታ ያልሻትን ታስታውሻለሽ?

እራትህን ከድኜ፣ በሩን ሳልዘጋ፣
ክረምቱም አለፈ፣ አለፈም በጋ።

ከዚያ ወዲህ ጸሎቴ ይህች ናት። እዚህ ዳዊት ኪሱ የተገኘበት ሰው ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ። ጎህ ሲቀድ ከሰሊጡ ክምር ጀርባ እቀመጥና አንዴ በዓይኔ፣ አንዴ በከንፈሬ፣ አንዴ ዝም ብዬ እላታለሁ። የኔታ፣ ግጥም አይቆረጠምም፣ ይመሰኳል ይሉን ነበር። አንዳንድ ቀን «በሩን ሳልዘጋ» ከምትለው አላልፍም፤ በሩ ላይ የቆመው እግዚአብሔር ራሱ ይመስለኛል፣ ልጁ የቀረበት።

የእርሻችን ካድሬ ጓድ እንግዳው ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይቶ ግጥምሽን የጻፍሁባትን ወረቀት ነጠቀኝ። ጣቱን በምራቁ አርሶ ገለበጣት፤ አንድ ገጽ ብቻ ናት፣ ምን ፈልጎ እንደሆነ እንጃ። ከዚያ ፊቱ በራ። በሩን ያልዘጋው አብዮት ጠባቂ ነው አለኝ፤ እራቱን ሳይበላ ዘብ የቆመ። ግን ይጎድለዋል ብሎ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ስንኝ ጨመረልሽ፦ «ነቅቼ ጠበቅሁኝ፣ ጠላት እንዳይጠጋ።»

ቤት መምታቱን አልክድም። ዝንብም ወተት ውስጥ ሲገባ ይዋኛል።

በሦስተኛው ቀን ሦስት መቶ አጫጅ ሰብስቦ፣ በድምፅ ማጉያ አንብብላቸው አለኝ። ሰሊጡ አፉን እየከፈተ መሬት ላይ ይረግፋል፣ እኛ በቀዝቃዛው ሰዓት ግጥም እንሰማለን። ማይክሮፎኑ የጓድ እንግዳውን ምራቅ ይሸታል። ፈረደ የሚባል የወሎ ሰው በአጠገቡ ሳልፍ፣ መምህር፣ ቶሎ በላት፣ ሰሊጡ ጭብጨባ አይጠብቅም ብሎ አሽሟጠጠኝ።

ከሁሉ የቀፈፈኝ ግን የራሴ ነገር ነው። ያቺን ሦስተኛ ስንኝ ሁለት ቀን ስለማመዳት ሰንብቼ፣ ያን ዕለት ጎህ ሲቀድ ሳልጠራት ጸሎቴ መሀል ገብታ አገኘኋት። እኔው አመስኩቻታለሁ።

ሁለቱን ስንኞች አነበብሁ። ሦስተኛዋ ምላሴ ላይ ነበረች። ቀና ስል አሰበች ከጎላው አጠገብ ቆማ ነጠላዋን ለለቅሶ አዘቅዝቃለች። የሰማችው ሙሾ መሆኑን አውቃለች። ሦስተኛዋን ትቼ ወረቀቷን አጠፍሁ።

ጓድ እንግዳው አጨብጭቡ ብሎ በእጁ ጠቆመ። ማንም አላጨበጨበም። ፈረደ ባርኔጣውን አወለቀና «ነፍስ ይማር» አለ። ሦስት መቶ ሰው ተከተለው።

በመንግሥት ድምፅ ማጉያ፣ እናታለም፣ ልጅሽ ተለቀሰለት።

ካድሬው ጠጋ ብሎ «ሦስተኛው ስንኝ የታለ?» አለኝ።

«እሱ የእናቴ አይደለም» አልሁት።

አልተቆጣም። ነገ መተማ ዮሐንስ ለጥቂት ጥያቄ ትፈለጋለህ አለኝ። ወንድሜንም የወሰዱት ለጥቂት ጥያቄ ነበር።

የትራክተር ነጂያችን ሙሐመድጣሂር ዛሬ ከድንበሩ ማዶ ገላባት ያሉ ዘመዶቹን ሊጠይቅ ይሄዳል፤ ሸኘኝ ብሎኛል። መንገዱ ቅርብ ነው፤ መመለሻው ይረዝማል ይላሉ። ወረቀቷን እዚህ ውስጥ አድርጌልሻለሁ፤ ቀዩን ቀድጄ ጥዬዋለሁ። እኔ በቃሌ ይዣታለሁ።

ጓዳሽ ያየውን እንባ የላይኛው ይቁጠርልሽ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ለእኔ እራት አትክደኚ። በሩን ዝጊና ተኚ።

የቀረሽ ልጅሽ