ያልሰማሁት የልብ ምት

ወረታ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ፣ ለመሪጌታ በእውቀቱ፦

እንዴት ሰነበቱ? የእናቴ ወገብ ተሻላት ወይ? በደብዳቤ የምጽፍልዎ ስልክ ላይ ድምፅዎን ስሰማ አንደበቴ ስለሚተሳሰር ነው። ደብዳቤውን ወደ አንበሳሜ ለሚመለሰው፣ ገበያው ለሚባለው ነጋዴ እሰጠዋለሁ።

ለአዋላጅነት ልምምድ ወደዚህ ጤና ጣቢያ ከመጣሁ ሦስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ሰኞ ዕለት አማከለች የምትባል ምጥ የያዛት ሴት ከሩዝ ማሳው ማዶ በቃሬዛ አመጧት። አስተማሪዬ ሲስተር ትሁን የፅንሱን ልብ እንዳዳምጥ አዘዙኝ። ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አድርጌ ጆሮዬን ገጠምኩበት። ምንም የለም።

"ሰማሽ?" አሉኝ።

"አዎ፤ በደቂቃ መቶ አርባ ይመታል።"

አምነውኝ ወደ ሌላዋ ወላድ ሄዱ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አማከለች እጄን ይዛ "ደኅና ነው አይደል፣ እታለም?" ስትለኝ ግን ዳግም መዋሸት አልቻልኩም። አሥር ደቂቃ አልፎ ነበር። ሮጬ ሄጄ "ሲስተር፣ አልሰማሁም፤ ዋሽቻለሁ" አልኩና ጥፊውን ስጠብቅ ዓይኔን ጨፈንኩ።

አልመቱኝም። እየሮጡ መጥተው እጄን ከነማዳመጫው ይዘው ዝቅ አደረጉት። ያን ጊዜ ሰማሁት፤ እየደከመ፣ እየዘገየ ነበር። ሕፃኑን በመሣሪያ ስበው አወጡት። አላለቀሰም። ብዙ አየር ከሰጡት በኋላ ሲጥ አለ።

ኋላ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። "ማንን ፈርተሽ ነው?"

"እርስዎን።"

"ተቆጥቼሽ አላውቅም እኮ። ግን ይኸው 'አንቺ ተማሪ' እያልኩ ስምሽን እንኳ ሳልጠይቅ ከረምኩ። ጥፋቱ የኔም ነው። ስምሽ ማነው?"

"መባ።"

"መባ፣ እንዲህ መፍራት የት ተማርሽ?"

ማዳመጫውን አንስቼ መጥረግ ያዝኩ፣ አባቴ።

አሁን "አላወቅሁም" ስላቸው ቁጭ ብለው አብረውኝ ይደግሙታል። ሕፃኑ ግን አራተኛ ቀኑ ሆኖ ጡት አጥብቆ አይስብም። ያ አሥር ደቂቃ ምን እንደወሰደበት መጠየቅ እፈራለሁ። ነገ የሆነውን ለአማከለች እነግራታለሁ። ሲስተር "አጠገብሽ እቆማለሁ" ብለውኛል።

ተማሪዎችዎ ዜማው ሲጠፋቸው "ጠፋኝ" ይሉዎታል? ይህችን መስመር ሦስት ጊዜ ሰርዤ መልሼ ጻፍኳት። አይቆጡኝ።

ጸሎትዎ አይለየኝ። ሕፃኑ ገና ስም አልወጣለትም፤ ቅዳሴ ሲገቡ "የአማከለች ልጅ" ብለው ያስቡልኝ።

ልጅዎ፣
መባ በእውቀቱ