የጓዳው አምፖል

ኅዳር 2 ቀን 1981፣ ሞጣ

የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ፈተና ሳርም ዋልሁ። ከሃምሳ አራት ልጅ ያለፈው አሥራ አንድ። ማስተማሬ ነው ወይስ መማራቸው... የከተማው ሞተር ዛሬም ዘግይቶ ተነሣ። መብራት የመጣው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ይርጋነሽ እራቱን በኩራዝ አቀረበች፣ እያጉረመረመች።

እሱ ደህና ነው። ጓዳ ከገባ አምስተኛ ወሩ። ስሙን እዚህ ደብተር ላይ እንዳልጽፍ እናቱ ይርጋነሽ አስምላኛለች። አንድ ልጃችን ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ሲጠራ ደበቅነው። ለቀበሌ «አዲስ አበባ ሥራ ፍለጋ ሄዷል» ብለናል። ቀን ይተኛል፤ መብራት ሲመጣ እስኪጠፋ ድረስ ያነባል። ጓዳው መስኮት የለውም። «አባባ፣ ይቺ አምፖል ባትኖር አብጄ ነበር» አለኝ ዛሬ፣ እየሳቀ።

ይህን መጻፌ ራሱ ጅልነት ነው። ግን ለማን ልናገር?

ኅዳር 4፣ እሑድ

የቀበሌ ስብሰባ። ሊቀመንበሩ ጓድ ፈረደ ስለ ናፍጣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናገረ። ናፍጣ ለግንባር ያስፈልጋል፣ የኛ ሞተር ደግሞ ይጠጣዋል። ስለዚህ ባለ መቶና ባለ ስልሳ ዋት አምፖል ቀረ። አሮጌውን ላስረከበ በምትኩ ረጅሙ ነጭ ፍሎረሰንት ይሰጠዋል። ሲሶውን ብቻ ነው የሚበላው አሉ። የመብራት ሠራተኛው ፋንታ በየቤቱ እየዞረ ይገጥማል፤ እስከዚያ በኩራዝ ነው።

በየቤቱ... ጓዳም ይገባል ማለት ነው። ይርጋነሽ «የጓዳውን አናንሣ። ሁለት አምፖል ብቻ ነው ያለን እንበል» አለች። እኔ እንቢ አልሁ። ልጁ በጨለማ ሊቀመጥ ነው? ጓዳው አምፖል ያለው ስንት ቤት አለ! ፋንታ ሲመጣ ልጁን ቆጥ ላይ እናወጣዋለን። ብዬ ረታኋት።

ኅዳር 6

ምን አድርጌ ይሆን?

ጠዋት ሦስቱን አምፖሎች ፈታሁ፣ ወለወልሁ። ከዚያ ወረቀት ቆርጬ በሙጫ ለጠፍሁባቸው፦ ሳሎን፣ መኝታ፣ ጓዳ። ማንም ለጥፍ አላለኝም። የእጄ ነገር ነው። የትምህርት ቤቱን ካርታ፣ የጠመኔውን ሳጥን ሳይቀር እንዲሁ ነው የማደርገው። ስም ያልተጻፈበት ዕቃ ካየሁ ዓይኔ አያርፍም።

የቀበሌው ሱቅ በር ላይ ረጅም ሰልፍ። የሚረከበው ፋንታ ነው፤ ተማሪዬ የነበረ፣ ጨዋ ልጅ። አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ አንሥቶ አያቸው።

«ጋሼ፣ ይኼ የጓዳችሁ ምነው እንዲህ ጠቆረ? የሳሎኑ እኮ ገና ንጹሕ ነው። አምፖል ብዙ ሲበራ ነው የሚጠቁር። ጓዳ ነው እንዴ የምታመሹት?»

ክፋት የለውም። ሥራውን ማወቁን ለመምህሩ ማሳየቱ ነው። ሰልፈኛው ሳቀ። ፈረደ በሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር። እሱ አልሳቀም።

«ይርጋነሽ እህል ስትለቅም ታመሻለች» አልሁ። አምስት ወር ሙሉ ጎረቤት ያላወቀውን... በራሴ ጽሕፈት!

ኅዳር 7

ይርጋነሽ ሌሊቱን አልተኛችም። «ዛሬውኑ ይውጣ። ብቸና፣ እኅቴ ባንቺዓለም ዘንድ ይሂድ።» እኔ ደግሞ እንዲህ አልሁ፦ በሥራ ቀን ጎረምሳ ብቻውን መንገድ ላይ ከታየ ይያዛል። ቅዳሜ ከገበያተኛ ጋር ተቀላቅሎ ይውጣ። ሦስት ቀን ምን አላት?

«አንተ መቼም ምክንያት አታጣም» አለችኝ።

ልጁን ጠየቅነው። «አባባ እንዳለ ይሁን» አለ።

ኅዳር 8

ማንም አልመጣም። ፈረደ አልሰማ ይሆናል። አልሰማም... ቢሰማ እስካሁን ይቆያል?

ኅዳር 9

መጡ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። እኔ ትምህርት ቤት ክፍልፋይ አስተምራለሁ። ይርጋነሽ እንደ ነገረችኝ፣ ጠመንጃ የያዙ አራት ሰዎችና ፈረደ። ሳሎን አልቆሙም። መኝታ ቤቱንም አላዩም። ቀጥ ብለው ወደ ጓዳ ነው የሄዱት። ተኝቶ ነበር። «ጫማውን ያድርግ» ብላ ለመነቻቸው። ፈቀዱ።

አሁን ስሙን ብጽፍ ምን አለ? አዳሙ። አዳሙ ሣህለ ማርያም።

ኅዳር 10

ቅዳሜ። ገበያው ሞልቶ ነበር።

ኅዳር 14፣ ብቸና

ምልምሎቹ በዚህ በኩል እንደሚያልፉ ሰምቼ ትናንት በአውቶቡስ ቀድሜ መጣሁ። ባንቺዓለም ቆሎና ዳቦ ቋጠረችልኝ። ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ዳር ቆምሁ። ከቀትር በኋላ ሦስት የጭነት መኪና መጣ። አልቆሙም። ሁሉንም ላጭተዋቸዋል፤ ሁሉም አንድ ሆነዋል። «አዳሙ!» ብዬ ጮኽሁ። አራት አምስት ፊት ዞረ። አንዱ የኔ ይሁን አይሁን አልለየሁም። አባቱ ሆኜ ሳልለየው አለፈ።

ቋጠሮውን ይዤ ተመለስሁ። ባንቺዓለም «ምነው ቀደም ብላችሁ በላካችሁት» አለች።

ኅዳር 19፣ ሞጣ

ፋንታ ሊገጥም መጣ። ዓይኔን ማየት አልቻለም። «ጋሼ፣ እኔ እኮ አላወቅሁም...» አለና እንባው መጣ። አልተቆጣሁትም። ወረቀቱን የለጠፈው ማን ሆነና? ሦስት አስረክበናልና ሦስት ገጠመ፣ የጓዳውንም።

ማታ ብልጭ ድርግም ሲል ቆይቶ በራ። ነጭ ነው፣ ቀዝቃዛ ነጭ። የይርጋነሽ ፊት ከበሽታ የተነሣ ሰው መስሎ ታየኝ። የኔም እንዲሁ ይሆናል። «እንጀራ ላቅርብ?» ካልሆነ በቀር አታናግረኝም። እውነቷን ነው። ጓዳ የገባችው ኩራዝ ይዛ ነው፤ ማብሪያውን አልነካችውም።

ታኅሣሥ 5

ደብዳቤ የለም። የጓዳው መብራትም አንድ ቀን አልበራ።

ታኅሣሥ 23፣ እሑድ

ስብሰባ። ፈረደ የየቤቱን የቆጣሪ ንባብ ይዞ ተነሣ። በቁጠባ ከቀበሌው አንደኛ የወጣው... የመምህር ሣህለ ማርያም ቤት! ቀድሞ ይፈጅ ከነበረው ሩቡን እንኳ አልፈጀም። ለሁሉም አርአያ ነው። «ጓድ መምህር ይነሡ፣ ሕዝቡ ይይዎት!»

ተነሣሁ። አዳራሹ አጨበጨበ። ፋንታ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ፈረደ እጄን ጨብጦ ማኅተም ያለበት የምስጋና ወረቀት ሰጠኝ። «አመሰግናለሁ» አልሁት። እንደ ወጉ መልሼ ለሕዝቡ አጨበጨብሁ። እጄን ማን አዘዘው? ጠላሁት ይህን እጅ።

ቤት ስገባ ይርጋነሽ ወረቀቱን አየችና ብድግ አለች። ከስንት ቀን በኋላ ዓይኔን አየችኝ።

«ከልጄ ነው?»

«አይደለም» አልኋት። «ስለ መብራት ነው።»