ነጩ ቀሚስሽ ገመድ ላይ ነው

አያልዬ፣

የደብረ ብርሃኑ ሚኒባስ ሊያመልጠኝ ስለሆነ በአጭሩ ልጻፍልሽ። ነጩ ቀሚስሽ በረንዳው ገመድ ላይ ነው። ዝናብ ከመጣ አስገቢው። ጫፉ ላይ ያለው የመሐል ሜዳ ጭቃ ሁለቴ አጥቤው አልለቀቀም።
እሱን ኋላ እናወራለን።

ሰኞ መሐል ሜዳ ከተማ ለጸሐፊነት ፈተና የሄድኩት ቀሚስሽን ለብሼ ነበር። ክረምቱን ሙሉ በዚሁ ቀሚስ በየምረቃው ግጥም ሳነብ አይቶኝ የለ፣ የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ገና ከበር «ገጣሚዋ መጣች!» ብሎ አዳራሽ አስገባኝ። ለካ ጡረታ የሚወጡ አዛውንት እየተሸኙ ኖሯል። «እኔ ለፈተና ነው የመጣሁት» ማለት ነበረብኝ። ግን ማይኩን ሰጡኝ።
መቼም ታውቂኛለሽ።
በስም እንኳ የማላውቃቸውን ሰው አወድሼ አወድሼ አስለቀስኳቸው። እልልታው ሲያበቃ ፈተናውም አብቅቶ ነበር።

ዛሬ ሌላ ቦታ እፈተናለሁ። ጥቁሩን ጉርድሽን ለብሻለሁ። አላስፈቀድኩሽም፤ ግን «ግጥሙን ትተሽ ሥራ ፈልጊ» ያልሽው አንቺ ነሽ።

ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፣ ጨው በዝቶበታል።

በኮምፒውተር መጻፍ በራሴ እንደተማርኩ እነግራቸዋለሁ። «ሌላስ ምን ትችያለሽ?» ካሉኝ «ምንም» እላለሁ።
ደስ ይበልሽ።

እየሩስ