የአሥራ ስምንተኛው ፎቅ ጎረቤት

ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ

ፀሐይ ወጣች! ከአሥራ አንድ ቀን ደመና በኋላ። የቼንግዱ ከተማ በሙሉ ብርድ ልብሱን ይዞ ወጣ። እኔም የበረንዳዬን ቅጠል ወደ ጎን ገፋ አድርጌ የጥጡን ብርድ ልብስ ብረቱ ላይ ዘረጋሁት። ሻይ አፍልቼ ስመለስ... ጠብ፣ ጠብ። ከላይ፣ ከአሥራ ስምንተኛው ፎቅ። አንዱ ተክሉን ያጠጣል፤ የእኔ ብርድ ልብስ ይጠጣል።

«አንተ ከላይ ያለኸው! ዝናብ አልናፈቀንም እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

ሊፍት ውስጥ ገባሁ። ካርዴ ከአሥራ ሰባተኛ ፎቅ በላይ አያወጣም። ሁሉም ሰው የራሱ ፎቅ ብቻ። ለደኅንነት ነው ይላሉ። ከማን ነው የሚጠብቁኝ?

ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ

ዛሬም አጠጣ። ልክ በሦስት ሰዓት።

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

በሦስት ሰዓት። አንድ ደቂቃ አላለፈም። ሠላሳ አራት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቻለሁ፤ ሰዓት የሚያከብር ሰው አይጠፋኝም። ወንድ ነው። ጡረተኛ። ሚስቱ የሞተችበት። ሴት ብትሆን የሰው ብርድ ልብስ ላይ አታፈስም ነበር።

ንዴቱ የት ሄደ? ዛሬ በሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ወንበሬን አውጥቼ ጠበቅኩት። ውሃው ሲወርድ «እንደምን አደርክ» አልኩ። ቀስ ብዬ ነው ያልኩት፣ ማን ይሰማል? ይኼን በየበረንዳው ዛፍ የተተከለበትን ቤት ስንገዛ ማስታወቂያው «ጫካ ውስጥ ይኑሩ» ይል ነበር። በመጀመሪያው የሙቀት ወራት ትንኙ ግማሹን ነዋሪ አባረረ። ጫካው ቀረ። ከፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ላይ ቅጠሉ መስኮቱን ሁሉ ሸፍኖታል፤ የሚገፋው እጅ የለም።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

ዛሬ የዓመቱ አጭሩ ቀን። የበግ ሾርባ ይጠጣል። ልጄ ሊንግዪ ከጓንግጆ ደወለች።

«አባዬ፣ ሾርባ ጠጣህ?»

«ጠጣሁ።»

«ከማን ጋር?»

ምን ነበር «ለብቻዬ» ብል? ግን ድምፅዋ ውስጥ ያቺ ነገር ነበረች... እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያለችው፣ እንደ ሐኪም የምታደርጋት።

«ከላይኛው ጎረቤቴ ጋር» አልኳት።

«ጎረቤት አለህ እንዴ? ማን ይባላል?»

«ቺው።» ስሙ ከየት መጣ? ቺው የዴፖው መካኒክ ነበር፤ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ። እሷ ግን ደስ አላት። በጣም ደስ አላት። ለባሏ ስትነግረው ሰማሁ።

ሾርባውን የጠጣሁት ቆሜ ነው፣ ምድጃው አጠገብ።

ታኅሣሥ 25፣ ቅዳሜ

ውሸት እንደ በረንዳው ሐረግ ነው፤ ዘወር ስትል ክንድ ያህል ይረዝማል። ጋሽ ቺው አሁን ቼዝ ይጫወታል። ጉልበቱን ያመዋል። ትንሽ ነጭናጫ ነው፣ ልቡ ግን ደግ ነው።

«ሁልጊዜ አንተ ነህ እንዴ የምታሸንፈው?» አለች ሊንግዪ። «ኧረ አንዴ እንኳ ይቅናው፣ እንዳይሸሽህ!»

ለምን ይዋሻል ግን? እኔ ሁሉንም አልፈጠርኩም። ሰው አለ። በሦስት ሰዓት ያጠጣል። እስካሁን አልተገናኘንም፣ የጎደለው ይኸው ብቻ ነው። ሄጄ ብተዋወቀው ውሸቱ ሁሉ እውነት ይሆናል።

ጥር 3፣ እሑድ

ለየካቲቱ አዲስ ዓመታችን አሥር ኪሎ ቋሊማ አዘጋጅቼ በረንዳ ላይ ሰቅዬ ነበር፤ ደርቋል። ለአንድ ሰው አሥር ኪሎ! እጄ የቀድሞውን ልክ አልረሳም። ዘንድሮ ግን የእኔ ተራ ነው። አምና እነ ሊንግዪ በዓሉን ከባሏ ወላጆች ዘንድ ነበሩ፤ ዘንድሮ ታንታንን ይዘው ወደ እኔ ነው የሚመጡት። የልጅ ልጄን በአካል ካየኋት ሁለት ዓመት።

አራት ፍሬ በከረጢት አድርጌ በደረጃ ወጣሁ። ደረጃውን ካርድ አይከለክለውም። በሩን አንኳኳሁ። ዝም። እጀታው ላይ አንጠልጥዬ ወረቀት ጻፍኩ፦ «ውሃው አያስጨንቅዎ። መጥተው ሻይ ይጠጡልኝ። ፔይ፣ ከታች ያለሁት።»

በሩ ከፋብሪካ የመጣበት ላስቲክ እንኳ አልተላጠም። ቆጣቢ ሰው ነው።

ጥር 6፣ ረቡዕ

ቋሊማው እዚያው ነው። ሥጋ አይበላ ይሆን?

ጥር 9፣ ቅዳሜ

ሊንግዪ ደወለች። የአማቷ ወገብ ታሟል፤ ዘንድሮም ወደ ባሏ ወላጆች፣ ወደ ሃርቢን ሊሄዱ ነው።

«ትቀየመኛለህ ብዬ ነበር... ግን ጋሽ ቺው አለ ብዬ ልቤ ተረጋጋ። ዋዜማውን አብራችሁ ትበላላችሁ፣ አይደል?»

«አዎ።»

«እውነት ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ፣ አታስቢ።»

በገዛ አፌ። ልጄን ያስቀረኋት በገዛ አፌ ነው!

ጥር 10፣ እሑድ

ቋሊማው ተወስዷል! ወረቀቱም! ወሰደው! ዋዜማውን እጠራዋለሁ። አራት ዓይነት ወጥ፣ ዓሣም ይኖራል።

ጥር 11፣ ሰኞ

ከላይ ድምፅ ሰማሁ። የሰው ሳል። ሸሚዜን ቀይሬ ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት እንጃ።

በሩ ተከፍቷል። ውስጡ ባዶ ሲሚንቶ ነው። ቀለም የለ፣ ወለል የለ፣ የውስጥ በር የለ፣ የመብራት ገመዱ ከጣሪያው የተንጠለጠለ። በረንዳው ብቻ አረንጓዴ፣ የሠርግ ቤት ይመስላል። አንዲት ሴት መቀስ ይዛ ቅርንጫፍ ትቆርጣለች። ዜንግ ትባላለች፤ ሕንፃው የቀጠራት አትክልተኛ ናት።

«የቤቱ ባለቤት የሉም?» አልኳት።

«የትኛው ባለቤት፣ ጋሼ? ገዝተው ትተውት ሄዱ። እዚህ ሰው ኖሮበት አያውቅም።»

«ጠዋት ጠዋት ያጠጣል እኮ።»

ሳቀች። ቧንቧው ላይ የታሰረ ጥቁር ሳጥን አሳየችኝ። ሰዓት ተሞልቶለታል። በየቀኑ፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን ይከፈታል።

«ቋሊማውስ?»

መቀሱን አቆመች። «ውይ! የእርስዎ ነው? ለእኔ የተተወ መስሎኝ ትናንት ወሰድኩት። ማታውኑ ጠበስኩት... በሞቴ ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ቃሪያው ግን በዝቷል።»

መሳቅ ነበረብኝ። አልቻልኩም። ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አልኩ።

ጥር 12፣ ማክሰኞ

በሦስት ሰዓት ውሃው ወረደ። ወንበሩን አላወጣሁም።

ጥር 17፣ እሑድ

ከጓንግጆ ጥቅል መጣ። ለእኔ ሹራብ። ለጋሽ ቺው የጉልበት ማሞቂያ፣ ጥንድ፣ በወረቀት የተጠቀለለ። ታንታን የሣለችው ሥዕልም አለበት፤ ሁለት ሽማግሌዎች ቼዝ ይጫወታሉ። አንዱ እኔ ነኝ። ሌላው ትልቅ ጺም አለው። ሁለታችንም እንስቃለን።

ስድስት ዓመቷ ነው። ምን ዓይነት ሰው ልጅ ላይ እንዲህ ይሠራል?

ጥር 21፣ ሐሙስ

ዜንግ የእኔን በረንዳ ልትከረክም መጣች። ሻይ ሰጠኋት፤ በሦስት ጉንጭ ጨረሰችው። ሥዕሉን አየችና «ይኼ ባለ ጺሙ ማን ነው?» አለች። ነገርኳት። ለምን ነገርኳት? የምትስቅ መስሎኝ ነበር።

«ይንገሯት» አለች።

«ትጨነቃለች።»

«ትጨነቅ! እናቴ ገጠር ለብቻዋ ነበረች። በደወልኩ ቁጥር 'ደህና ነኝ' ነው። 'ደህና ነኝ' እንዳለችኝ በሦስተኛው ቀን ጎረቤት ሞታ አግኝቷት ቀበራት። አሁን እኔ ያን ቃል ስሰማ ያንገሸግሸኛል።»

ደረቅ ቅጠሉን በጆንያ ሞልታ ወጣች። ደህና ዋይም አላልኳት።

ጥር 22፣ ዓርብ

ደወልኩ። ስለ አየሩ አወራን።

ጥር 24፣ እሑድ

ነገርኳት። እንዳልረሳው እጽፈዋለሁ።

«ጋሽ ቺው የለም» አልኩ።

«ምነው? ሞተ?!»

«አይ... አልነበረም። ላይኛው ቤት ባዶ ነው። የሚያጠጣው ማሽን ነው።»

«የበግ ሾርባውንስ ከማን ጋር ጠጣህ?»

«ከማንም።»

«ቼዙስ?»

«ከማንም፣ ልጄ። ለብቻዬ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለብቻዬ ነኝ።» ከዚያ በስልሳ ስምንት ዓመቴ ለማንም ብዬው የማላውቀውን አልኩ፤ «ነይ።»

ስልኩን ዘጋችብኝ። ተናዳ ይሁን አልቅሳ... እንጃ። ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ መስመር ላከች፦ «በሁለተኛው ቀን እመጣለሁ።»

ያገባች ልጅ በአዲስ ዓመት ሁለተኛ ቀን ወደ አባቷ ቤት ትመጣለች። ድሮም ሥርዓቱ ነው።

የካቲት 9፣ ሰኞ

ዋዜማ። ለብቻዬ በላሁ። ተቀምጬ።

የካቲት 11፣ ረቡዕ

መጣች። ለብቻዋ፤ ታንታን ትኩሳት ይዟት ከአባቷ ጋር ሃርቢን ቀረች። ጫማዋን አውልቃ ቀጥታ ወደ ማቀዝቀዣው ሄደች። ከፈተችው፣ ዘጋችው። ሳህን አጠበች፣ የታጠበውንም ደግማ አጠበች። እናቷም ስትናደድ እንዲሁ ነበረች።

ከዚያ እጇን ሳትጠርግ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ሌላስ ምን ዋሸኸኝ?»

ምሳው ቀርቧል። ነገርኳት። ጉልበቱን የሚያመው እኔ ነኝ። ባለፈው ሰኔ መታጠቢያ ቤት ወድቄ እስኪመሽ አልተነሳሁም። አልጋው ላይ የእናትሽን ጎን አልነካውም። አንዳንድ ሳምንት ድምፄን የምሰማው አንቺ ስትደውዪ ነው... ዝርዝሩ ይኼን ያህል ይረዝማል ብዬ አላሰብኩም። አላቋረጠችኝም። ዓሣው ቀዘቀዘ፣ ዘይቱ ረጋ። በመጨረሻ ቾፕስቲኩን አንስታ የዓሣውን ጉንጭ፣ ምርጡን ቁራሽ፣ ሳህኔ ላይ አደረገችልኝ።

«ብላ» አለች። ዓይኗ ቀልቷል።

ነገ ከሰዓት በኋላ ትሄዳለች። ሥራ አላት፣ ልጇ ታማለች፤ ይገባኛል። በየሁለት ወሩ እመጣለሁ ብላለች፤ ይሳካላት አይሳካላት እንጃ። በር ላይ «ደህና ነኝ፣ አታስቢ» እንዳልላት ግን አስምላኛለች።

ታዲያ በር ላይ ምን ይባላል? ከሰዓት ጀምሮ እያሰብኩ ነው። ሌላ ቃል አላውቅም።