ቅስቱ ሥር የተዳሩት ወይዘሮ ኦድሪ ታርንት

ወይዘሮ ኦድሪ ታርንት ከአባታቸው ከአቶ ኸርበርት ፕሪዲና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዶርካስ ዌብ እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 1943 በሄርፎርድሺር፣ በስቶክ ኤልመር መንደር ተወለዱ። ኖርማኖች ባነጹት ቤተ ክርስቲያናችን ተጠመቁ። እናታቸው ኦርጋን ሲለማመዱ፣ እሳቸው በልጅነታቸው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ካለው ጥንታዊ መቃብር ላይ ከተጋደሙት የድንጋይ ባላባትና ሚስቱ ምስሎች ጎን ተቀምጠው ያወጓቸው ነበር። ከባላባቱ እግር ሥር ለተኛው የድንጋይ ውሻ ብስኩት ይተዉለት እንደነበር፣ በዚህም የቤተ ክርስቲያኑ አይጦች እንደወፈሩ ታላቅ ወንድማቸው እስከ ዛሬ ይመሰክራሉ።

ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው በ1964 በመንደራችን ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ።

በ1969 እንደ መጋዝ ጥርስ የተጠረበው የመቅደሱ ቅስት ተሰነጠቀ። ሊመረምሩ የመጡት ወጣት መሐንዲስ አቶ ክላይቭ ታርንት በሩን አስቆለፉ። ወይዘሮ ኦድሪ ደጁ ላይ ጠብቀው፣ “ስምንት መቶ ዓመት የቆመውን በአንድ ጠዋት ዘጉት?” አሏቸው።

“ከሚናድብዎት ብዘጋው ይሻላል።”

“ቆልፎ መሄድማ ምን ሙያ አለው? ያድኑታ!”

ነገሩ ቀልድ አልነበረም፤ ካልተጠገነ ለዘለቄታው ሊዘጋ ነበር። ወይዘሮ ኦድሪ መንደሩን ቤት ለቤት ዞሩ። ቤተ ክርስቲያን ስሞ የማያውቀው የመጠጥ ቤቱ ባለቤት እንኳ ለቅስቱ ድጋፍ የሚሆን ግንድ ተሸክሞ መጣ። አቶ ክላይቭም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ሥራውን በነጻ መሩ፤ ውሎ አድሮም ወይዘሮ ኦድሪን ለትዳር ጠየቁ። ዘመድ ሁሉ “በጎረቤት መንደር ተጋቡ” ቢላቸው፣ ወይዘሮ ኦድሪ “ቅስቱ ሳይድን ሠርግ የለም” ብለው እምቢ አሉ።

እናታቸው በኖራ ብናኝ የነጣውን ፀጉራቸውን አይተው፣ “አንቺ ልጅ፣ ሙሽራ ነሽ ግንበኛ?” ቢሏቸው፣ “ሁለቱንም ነኝ፣ እማዬ” አሉ።

በሰኔ 1972 የድጋፉ እንጨት ተነሣ። መንደሩ ትንፋሹን ዋጠ፤ ቅስቱ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ። በሳምንቱ ሥሩ ተጋቡ፤ ቄሱ ሳይቀሩ እስኪዘፍኑ ድረስም የፖም ጠጅ ተጠጣ።

ልጆቻቸውን ሔስተርንና ማርቲንን አሳደጉ። ተማሪዎቻቸውን ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ጠርዝ ሥር የተቀረጹትን አስቂኝ ፊቶች እያሳዩ፣ “እስቲ ምሰሏቸው!” ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ ሊጎበኙ የመጡትን ጳጳስ ምላሱን ያወጣ አንድ ክፍል ሙሉ ሕፃን ተቀበላቸው።

ባለቤታቸውን በ2015 ካጡ በኋላም ሣቃቸው አልጎደለም። በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥቅምት 3 ቀን 2023፣ በሰማንያ ዓመታቸው፣ በቤታቸው አረፉ። ወንድማቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው አሉ።

“ጥቁር ማናችሁም ላይ አያምርም፣ እንዳትለብሱ” ብለው ተናዘዋል። ዛሬ ቤተ ክርስቲያኑ በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ልብስ የተሞላው ቃላቸው ተከብሮ ነው። ስቀው ያሳቁንን እናታችንን እግዚአብሔር በደስታ ይቀበልልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ያድለን። አሜን።