ለሦስት ሰው የሰጠሁት መግቢያ

ይድረስ በቆላ ድባ ለሚኖሩት ለውድ አባቴ ለመሪጌታ ወልደ ሐዋርያት፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ በዚህ በጥር ብርድ እንዴት አደረገዎ? እናቴስ፣ ተማሪዎችዎስ ደኅና ናቸው? የእኔን ነገር የጠየቁ እንደሆነ፣ ከእናንተ ናፍቆትና ከባሕር ዳር ትንኝ በቀር የሚነካኝ የለም፤ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባው።

ባለፈው የነገርሁዎን ሥራ በደኅና ይዤዋለሁ። ከኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ጎን ባለችው ክፍል፣ ድርሰት የከበዳቸውን ተማሪዎች ከሰዓት በኋላ እየተቀበልሁ አግዛለሁ። ኃላፊያችን መምህርት እናትዓለም ትልቅ መዝገብ ሰጥተውኛል፤ ማን መጣ፣ ምን ይዞ መጣ፣ ምን ተነጋገራችሁ፣ ምን ይዞ ሄደ የሚለውን በየዕለቱ እሞላለሁ። አመሌን ያውቁታል፤ ሌላው በሁለት መስመር የሚዘጋውን እኔ ገጽ እጨርስበታለሁ።

ታዲያ ይኸው መዝገብ ጉድ አፈላብኝ። እርስዎ የተማሪዎ ቅኔ ሲያነክስ አንድ ስንኝ ከራስዎ ሰጥተው ያቃኑለት የለም? እኔም በዚያው ልማድ ሄድሁ። ኅዳር ላይ ተማሪዎቹ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያዩትን እንዲጽፉ ታዘዙ። የወረታው ነጋዴ ልጅ ነፊሳ መግቢያው ጠፍቷት መጣች፤ አንድ ያማረ መግቢያ ሰጠኋት። በማግስቱ የዘንዘልማው አዘዘ መጣ፤ መግቢያዬን ስለወደድኋት ለእሱም ሰጠሁት። ሳምንት ሳይሞላ ለሦስተኛ ሰው ደገምኋት። በደግነቴ እየኮራሁ እኮ ነው።

አራሚው መምህር ሦስቱን ወረቀት ሲያዩ ተኮራርጀዋል ብለው ለዲሲፕሊን ኮሚቴ አቀረቧቸው። ቅጣቱ መባረር ነው። አንዳቸውም ስሜን አላነሡም፤ ነፊሳ የረዳኝን ሰው አሳልፌ አልሰጥም ብላ እንደምታለቅስ ሰማሁ። እውነቱ ያለው በእኔ መዝገብ ብቻ ነበር፤ ባሳየው ደግሞ ተባራሪው እኔ ልሆን ነው። አልዋሽዎትም፣ ፈራሁ፤ መዝገቡን በብብቴ ይዤ በባሕሩ ዳር ስዞር ዋልሁ። በኋላ በራሴ አፍሬ ለመምህርት እናትዓለም ወስጄ ሰጠኋቸው።

እሳቸው «ይህችን መግቢያ ሰጠሁ» የሚለውን ሦስቱንም ቦታ አነበቡ። ተቆጥተው ሳይጨርሱ ሳቃቸው አመለጣቸውና፣ ጥፋቱን እንዲህ አሳምሮ የመዘገበ ሰው አይቼ አላውቅም አሉኝ። ኮሚቴውም መዝገቡን አይቶ ልጆቹን ማረ፤ ድርሰቱን እንደገና እንዲጽፉ ብቻ አዘዘ። የእኔ ቅጣት እስከ ፋሲካ እስክሪብቶዬን በተማሪ ወረቀት ላይ አለማሳረፍ ነው፤ መጠየቅና መልሱን መመዝገብ ብቻ። እጄን እየበላኝ እቀመጣለሁ።

ነፊሳ ድርሰቷን እንደገና ልትጽፍ ስትመለስ፣ በዘመቻው ካየሽው ሁሉ ምን አልረሳ አለሽ? አልኋት። አንዲት ባልቴት ስማቸውን መጻፍ እንደቻሉ፣ አሁን ደግሞ የሞተ ልጄን ስም አስተምሪኝ እንዳሏት ነገረችኝ። መግቢያዋ ያ ሆነ። አባቴ፣ የእኔዋ ከዚያ ጋር ስትተያይ አሳፈረችኝ። በእርስዎ ዘንድ ስንኙ የማን እንደሆነ ጉባኤው ሁሉ ይሰማል፤ እኔ ግን በስውር ሰጥቼ ልጅቱን የራሷን ላሳጣት ነበር።

የእናቴን የወለተ ሩፋኤልን ጉልበት እንደሳምሁ ይንገሩልኝ። አጎቴ ተክለ ጊዮርጊስ እንደምን ናቸው? ተማሪዎችዎን አንድ በአንድ ሰላም ይበሉልኝ። እህቴ የብርጓል ጦር ሜዳ ላለው ባሏ የሚላክ ደብዳቤ ጻፍልኝ ብላኝ ነበር፤ አልጽፍላትም። መሠረተ ትምህርቱን ጨርሳለችና ለፋሲካ ስመጣ እስክሪብቶውን የምትይዘው እሷ ናት፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ፣ እሱን ስታስቢ መጀመሪያ ምን ይመጣብሻል? እላታለሁ።

ልጅዎ ቢያዝን ወልደ ሐዋርያት
ባሕር ዳር፣ ጥር 23 ቀን 1974 ዓ.ም.