ጥፋቱ የቱቦው ነው

ለማከብርዎ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? የተሰበረው ዳሌዎ እንዴት ነው፣ መቆም ፈቀደልዎ? ነርሷ በስልክ፣ 'አባትሽ ምግባቸውን እየመለሱ ከመስኮቱ ወንዙን ሲያዩ ይውላሉ' ብላኛለች። ይብሉ እንጂ አባባ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ከተሪንግ ዝናቡ አባርቶ የደቡቡ ነፋስ ሳያቋርጥ እየነፈሰ ነው፤ ለያዝኩት ሥራ በጀኝ።

ስልክ እንደማይወዱ አውቃለሁ። አጠገብዎ ሰው እያለ የማይነገር ነገርም አለ። ስለዚህ ጻፍኩልዎ፤ ለብቻዎ ያንብቡት።

እርስዎ ወድቀው ሆባርት ሆስፒታል በገቡ በሳምንቱ ወንድሜ ላክላን ጀልባ የሚያሻሽጥ ደላላ ይዞ መጣ። እኔም ተከትያቸው ወጣሁ። የሚኖሩባትን ጀልባዎን፣ የፔትረልን በር ሲከፍቱ ሽታው ፊታችንን መታን። ደላላው አንድ ደረጃ እንኳ ሳይወርድ አፍንጫውን ይዞ ተመለሰ። ወንድሜ ወደ እኔ ዞረና፣ 'አየሽ? ሰው እዚህ ውስጥ ይኖራል? አባባ ራሳቸውን መጠበቅ አቅቷቸዋል። ጀልባዋ ትሸጥ፤ እሳቸውም መጦሪያ ይግቡ' አለኝ። ሚስቱ ሊኔትማ የመጦሪያውን ቅጽ ሞልታ ጨርሳለች። 'ለሳቸው ብለን እኮ ነው' ትላለች፣ ድምጿን አለስልሳ።

የሚኖሩበትን ቦታ የምታይ ሴት ከአረጋውያን ጉዳይ ቢሮ እንደምትመጣ ነገሩኝ፤ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ። 'እሷም ታሸትተዋለች፤ ነገሩ ያኔ ያልቃል' አለ ላክላን።

'ጀልባዋ አትሸትም' አልኩት።

'ማን ሊያጸዳት? አንቺ? ዓሣ ሲጠበስ ከቤት የምትወጪው?'

'አዎ፣ እኔ' አልኩት።

ከምሠራበት ፖስታ ቤት ፈቃድ ወስጄ በማግስቱ ገባሁ። መስኮቶቿን፣ ቁምሳጥኖቿን፣ የሚከፈተውን ሁሉ ከፍቼ ለነፋስ ሰጠኋት። የወለሉን ጣውላ ሳነሳ ሆዷ ውስጥ ናፍጣ የተቀላቀለበት ጥቁር ውሃ ተኝቷል። በባልዲ ቀድቼ ለጀልባ ማቆሚያው፣ ለማሪናው የቆሻሻ ዘይት ማጠራቀሚያ ሰጠሁ፤ ቀሪውን በሙቅ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ፈተግኩት። አራት ጊዜ። የመጀመሪያው ቀን ሁለቴ አስመለሰኝ፤ አፌን ታጥቤ ተመለስኩ። ጣሪያው ላይ የያዘውን ሻጋታ በኮምጣጤ ጠረግኩ። መጋረጃዎቹን፣ ገመዶቹን፣ ያንን እማማ የሠራችልዎን ሹራብ ሳይቀር አጥቤ ነፋስ ላይ አሰጣሁ። ላክላን በመኪናው ሲያልፍ አይቶኝ ጥሩምባውን ነፋ። ባልዲውን ከፍ አድርጌ አሳየሁት።

በስድስተኛው ቀን ናፍጣውም ሻጋታውም ጠፍተው፣ አንድ ሽታ ግን እምቢ አለ። ጎረቤትዎ መርቭ፣ ከዓሣ ማጥመጃው ጀልባ ላይ ሆኖ፣ 'የሽንት ቤቱን ቱቦ ፈትኚው' አለኝ። 'ጨርቅ ሙቅ ውሃ ነክረሽ ጠቅልይበት፤ ሲቀዘቅዝ አሽትቺው። ከሸተተ ቱቦው ነው። ካልሸተተ ሌላ ቦታ ፈልጊ።'

ጠቀለልኩ፣ ጠበቅኩ፣ ሦስት ጊዜ አሸተትኩ። ጨርቁ ሳሙና ሳሙና ይላል።

ከዚያ ወደ ፊተኛው መኝታ ገባሁ። አንሶላውን ገለጥኩ። ከሥሩ ያነጠፏቸውን ጋዜጦች አየሁ፤ ጠርዝ ከጠርዝ ተገጣጥመው፣ አንዱም ሳይጨማደድ። እዚያው ብዙ ተቀመጥኩ። አልቅሰሽ ነበር ወይ ብለው አይጠይቁኝ፤ ኮምጣጤ ዓይን ያቃጥላል።

ፍራሹን አወጣሁት። ጣውላውን በቤኪንግ ሶዳ አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ደግሜ አጠብኩ፣ ቀለም ቀባሁት። ከዚያ መጋዝ አምጥቼ ቱቦውን ቆረጥኩና በአዲስ ተካሁት።

መርቭ አሮጌውን ቱቦ ሲያይ፣ 'ይሄን እኮ ባለፈው በጋ ነው እኔና አባትሽ የገጠምነው' አለ።

'ጥፋቱ የቱቦው ነው መርቭ' አልኩት።

ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ። ወደ ወጣው ፍራሽ አየ፤ ወደ እኔ አየ። 'እውነትሽን ነው' አለ። 'ሲጀመርም የማይረባ ቱቦ ነበር።'

ማክሰኞ ሴትዮዋ መጣች። ላክላንና ሊኔትም መጡ። ወንድሜ ደረጃውን ወርዶ እንደ አዳኝ ውሻ አነፈነፈ፤ ምንም። 'ታዲያ ምን ነበር?' አለ። ቱቦውን በጆንያ አድርጌ አስቀምጬ ነበር፤ እግሩ ሥር ጣልኩለት። 'ይኸው፤ ፍታውና አሽትተው' አልኩት። ሊኔት ወደ ኋላ አፈገፈገች። እሱም አልፈታውም። ባይፈታው ተሻለኝ።

ሴትዮዋ አዲሱን የደረጃ መደገፊያ ጨብጣ አየች። መኝታዎን ወደ መሃል፣ ከሽንት ቤቱ በር ሁለት እርምጃ ላይ አምጥቼዋለሁ። 'ለምን እዚህ?' አለችኝ። 'ምድጃው ቅርብ ነው፤ ይሞቃቸዋል' አልኳት። አዲሱን ፍራሽ በእጇ ጫን ስታደርገው ከአንሶላው ሥር ያነጠፍኩት ላስቲክ ተንኮሻኮሸ። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ፣ ላክላን በማይሰማው ድምፅ፣ 'በደንብ አስበሽበታል' አለችኝና ቅጿ ላይ ጻፈች። ሦስት ወር እንዲሞከር ተፈቅዷል፤ ነርስ በየሳምንቱ ትመጣለች፣ እኔም ከጎንዎ ባለው መኝታ አድራለሁ። አይሟገቱኝ፤ ዕቃዬን አስገብቻለሁ።

አንሶላ መለወጫው ከመኝታው ሥር ባለው መሳቢያ ነው። የማሪናው ማጠቢያ ቤት ማንንም ምንም አይጠይቅም።

አንድ ነገር ግን ተቀይሜዎታለሁ። ቱቦ ሲበላሽ ለልጅ ይነገራል። በዚያ ብርድ ብቻዎን ጋዜጣ ሲያነጥፉ መክረምዎ ነው ያናደደኝ፤ ሌላው አይደለም። ሐኪሙ ሲመጡ ሁሉንም ይንገሯቸው። ሁሉንም አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ አወጣዎታለሁ። የጀልባዋን ቁልፍ ከላክላን ተቀብያለሁ። ሲሰጠኝ፣ 'አንድ ነገር ቢሆኑ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ' አለኝ።

'እኔ ልሁን' አልኩት።

ፈጣሪ አጥንትዎን ይጠግንልኝ፤ ጉልበትዎን ያበርታልኝ፤ በገዛ ቤትዎ ደጅ ተቀምጠው ማዕበል የሚያዩበትን ዘመን ያርዝምልኝ።

የምትወድዎ ልጅዎ